ለጋሽ ባበክር ባሕር መብራት ስንመርጥ

ይህ ነገር መጻፍ ይገባዋል ወይ ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጦርነት የለበትም፤ ፍቅርም ቢኖርበት እንደ ነገሩ ነው። ነገሩ ሲጠቀለል አንድ መብራት ለመምረጥ የተደረገ ትግል ነው። ጤነኛ ሰው መብራት ሲፈልግ ሱቅ ይገባል፣ "የሚበራውን ስጡኝ" ይላል፣ ይወጣል። እኛ ግን ኮሚቴ አቋቋምን። ለአባቴ "ልጽፈው ነው" ስለው "ስሜን እንዳታነሺ" አለኝ። ጋሽ ባበክርን ስጠይቃቸው ደግሞ "ስሜን በትልቁ ጻፊው" አሉኝ። ሁለቱንም ማስደሰት ስለምፈልግ አባቴ ከዚህ በኋላ "አባቴ" ብቻ ነው። የጋሽ ባበክርን ስም ደግሞ ሳያስፈልግም እጠራዋለሁ።

ዩኒቨርሲቲ የገባሁት ዘንድሮ ነው። ምደባ ሲወጣ የክፍሌ ልጆች አንዱ ጅግጅጋ፣ አንዷ ወልቂጤ ደርሷቸው እናቶቻቸው በሶና ቆሎ ቋጥረው እያለቀሱ ሸኟቸው። እኔ እዚሁ አሶሳ ደረሰኝና በባጃጅ ሄድኩ። እናቴ ግን ከጎረቤት እናቶች ማነስ ስላልፈለገች ባጃጁ እስኪታጠፍ ድረስ አለቀሰች። ቅዳሜ እራት ላይ ተገናኘን።

በሰፈራችን ዩኒቨርሲቲ የገባ ሰው ሁሉን ያውቃል። ምን እንደሚያጠና የሚጠይቀው የለም። ገና ትምህርት ክፍል እንኳ ሳልመርጥ የተበላሸ ፍሪጅ፣ አልፀንስ ያለች ላም፣ የተረሳ የስልክ ሚስጥር ቁጥር ሁሉ ወደ እኔ መጣ። ስሜም "ዶክተር" ሆኖ ቀረ። "ኧረ ገና አንደኛ ዓመት ነኝ" ስላቸው "ይሁና፣ የአንደኛ ዓመት ዶክተር" ይሉኛል። እኔ ደግሞ "አላውቅም" ማለት አይሆንልኝም። "ላንብበውና ልምጣ" እላለሁ። ጉድ የሠራችኝ ይህች "ላንብበውና ልምጣ" ናት።

ጋሽ ባበክር ከአባቴ ልብስ ስፌት ቤት ጎን ዓሣ ቤት አላቸው። በወጣትነታቸው ፖርት ሱዳን ወደብ ላይ ጆንያ ተሸክመው ሠርተዋል። ይህን የማያውቅ ሰው አሶሳ ውስጥ ካለ ትናንት የመጣ ነው። ዓሣ ያዘዘ ደንበኛ ዓሣው እስኪጠበስ ፖርት ሱዳንን ይሰማል፤ ዓሣው ቀድሞ ከደረሰም ታሪኩ እስኪያልቅ አይቀርብለትም።

የማያምኗቸው ባለቤታቸው እማማ ሐዋ ብቻ ናቸው። እማማ ሐዋ ያደጉት ወንዝ ዳር ስለሆነ ውሃ አውቃለሁ ይላሉ። መርከቡን አምነዋል፣ ማዕበሉንም እያቅማሙ አምነዋል። ያላመኑት ጨውን ነው።

"ያ ሁሉ ውሃ፣ ዳር የሌለው፣ ጨው ነው ይለኛል" ይላሉ ለደንበኛው። "አላህ ያን ሁሉ ውሃ ፈጥሮ ጨው የሚጨምርበት ለማን ወጥ ነው?"

"ሐዋ፣ ወላሂ ጨው ነው!"

"ማን ቀመሰልህ?"

"እኔ ራሴ!"

"እሱማ የምትለው አንተ ነህ።"

ትዳራቸው ሙሉ በዚህ አለፈ። በዚህ ዓመት ሸርቆሌ ክሊኒክ የምትሠራው ልጃቸው ወለደች፤ እማማ ሐዋም ሊያርሷት ሄዱ። መናኸሪያ ስንሸኛቸው፣ ሚኒባሱ ሞልቶ ሊንቀሳቀስ ሲል፣ በመስኮት ብቅ አሉ።

"ባበክር! እንግዲህ አርባዋ ሳይሞላ አልመጣም። ስመጣ ወይ ባሕሩን አሳየኝ፣ ወይ በምሳ ሰዓት፣ ቤቱ ሰው ሞልቶ እያለ፣ ወንበር ላይ ቆመህ 'ፖርት ሱዳን የሚባል አገር አላየሁም' ትላለህ። አንዱን ምረጥ!"

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። ጋሽ ባበክር አልሳቁም። ለሌላው ሰው ቀልድ ነው፤ እሳቸው ግን ያላቸው ታሪክ ያ ብቻ ነው። ሌላው ዕድሜያቸው ዓሣ በማገላበጥ ነው ያለፈው።

ሌላ ባል ቢሆን ሚስቱን ይዞ ወደ ባሕር ይሄዳል። ጋሽ ባበክር ግን "ቤቱን ለማን ትቼ?" ብለው ባሕሩን ወደ አሶሳ ማስመጣት ቀለላቸው። ከጅቡቲ ማዳበሪያ የሚያመላልስ ሾፌር ደንበኛ ነበራቸው፤ እሱ የባሕር ውሃ በሮቶ፣ ዓሣዎቹን ደግሞ አየር በሚነፋበት በርሜል ጭኖ መጣ። ቢጫ አሉ፣ ባለ መስመር አሉ፣ አንድ ደግሞ ፊቱን ያጠቆረ፣ በጉዞው የተቀየመ የሚመስል አለ። በሕይወት መድረሳቸው እስካሁን ይገርመኛል። እኔ ከባምባሲ አሶሳ ስመጣ እንኳ ያጥወለውለኛል።

ገንዳውን የሠራው የአሉሚኒየምና መስታወት ቤቱ ሰውዬ ነው። "ምን ያህል ጥልቀት ይኑረው?" ብሎ ጠየቀ።

"ባሕር ነው ያልኩህ" አሉት ጋሽ ባበክር። "ጥልቀት የሌለው ባሕር የት አይተሃል?"

ስለዚህ ከወለሉ ጀምሮ እስከ ግንባሬ የሚደርስ ገንዳ ሠራላቸው። በምግብ አዳራሹና በኩሽናው መካከል እንደ ቁምሳጥን ቆመ። ውሃው ተሞላ፤ ዓሣዎቹ ተለቀቁ። ዓሣዎቹም አንድ ጊዜ ዙሪያቸውን አይተው ወደ ታች ጠለቁና ጠፉ። የቤቱ አምፖል ከላይ ያለውን ጥቂት ውሃ ብቻ ያሳያል፤ ከዚያ በታች ድቅድቅ ጨለማ ነው። አንድ ደንበኛ ቀረብ ብሎ አየና "ጋሽ ባበክር፣ ጥሩ የውሃ ቁምሳጥን ነው" አላቸው።

ጋሽ ባበክር ያን ዕለት ገንዳውን በመጋረጃ ሸፈኑት። "እስኪመረቅ ድረስ ማንም አያይ፣ ማንም አይንካ!" አሉ። በአገራችን ያልተመረቀ ነገር እንዳልተሠራ ይቆጠራል። ከዚያ ወደ ስፌት ቤቱ ዞረው "ዶክተርን ጥሩልኝ!" አሉ።

"ጥልቅ ለሆነ የባሕር ገንዳ የሚሆን ኤልኢዲ መብራት ምረጪልኝ" አሉኝ።

"ላንብበውና ልምጣ" አልኩ።

ቤተ መጻሕፍት ሄጄ ስለ ባሕር ዓሣ መጽሐፍ ጠየቅሁ። ሠራተኛዋ ቀና ብላ አየችኝ።

"የእኔ እህት፣ ባሕሩ የት አለና?"

"ከመናኸሪያው ጀርባ" አልኳት።

መጽሐፍ አልነበረም፤ በስልኬ አነበብኩ። እውነቱን ለመናገር ደስ የሚል ነገር ነው። ውሃ ብርሃን ይውጣል። መጀመሪያ ቀዩን ይጨርሰዋል፤ ወደ ታች ጠልቆ የሚገባው ሰማያዊው ነው። ገንዳ ሲጠልቅ ብርሃኑን ወደ ጎን የማይበትን፣ ሰብስቦ ወደ ታች የሚሰድ ጠባብ ሌንስ ያስፈልጋል። ኃይለኛ ብርሃን የሚፈልጉት ኮራል የሚባሉት ናቸው፤ እኛ ደግሞ ኮራል የለንም። ዓሣ በመጠነኛ ብርሃን ይኖራል፤ በድንገት ሲበዛበት ይደነግጣል፤ ስለዚህ ቀስ በቀስ መድመቅ አለበት። ይህን ሁሉ በጥንቃቄ አጠናሁ። ለፈተና እንኳ እንዲህ አጥንቼ አላውቅም፤ ውጤቴም ይህንኑ ይመሰክራል።

ሆኖም መልሱን ይዤ ስመጣ ኮሚቴ ጠበቀኝ። ሰብሳቢው አቶ ደስታ ነበሩ። አቶ ደስታ ከመንግሥት ሥራ ጡረታ ወጥተዋል፤ ስብሰባ ግን ከእሳቸው ጡረታ አልወጣም። ሰው አንድ ጠረጴዛ ላይ ከበዛ "ሰብሳቢ እንምረጥ" ይላሉ፤ ከዚያ ራሳቸው ይመረጣሉ። የሠርግ አዳራሽ የሚያስጌጠው ግርማ ዲኮር፣ ወርቅ ጉድጓድ ያለው የባምባሲው ኦላናና አባቴ ደግሞ አባላት ሆነዋል። ኮሚቴው የሚሰበሰበው በምሳ ሰዓት ሲሆን ዓሣ ጥብሱ "የስብሰባ መስተንግዶ" ተብሎ ከቤቱ ይቀርባል። ኮሚቴው ለምን ቶሎ ቶሎ እንደሚሰበሰብ በኋላ ነው የገባኝ።

"አንድ መብራት ይበቃል" አልኩ። "መጠነኛ፣ ነጭና ሰማያዊ የተቀላቀለበት፣ ጠባብ ሌንስ ያለው።"

"አንድ?" አሉ አቶ ደስታ ሹል አጥንት ከጥርሳቸው እያወጡ።

"አንድ።"

"መጠነኛ?"

"አዎ፣ ምክንያቱም ለዓሣ ብዙ ብርሃን..."

ጋሽ ባበክር እንደ ታማሚ አዩኝ። ያን ጊዜ አንድ ነገር ገባኝ፤ ሰው ባለሙያ የሚጠራው "ትንሽ ይበቃሃል" እንዲባል አይደለም። ሐኪሙ "ውሃ ጠጣና ተኛ" ያለው በሽተኛ መርፌ የሚወጋው እስኪያገኝ ሌላ ክሊኒክ ይዞራል። አባቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለ።

"ልጄ፣ ትንሽ ከበድ ያለ ቃል ጨምሪበት።"

አባቴን አሳፍሬ አላውቅም። ጉሮሮዬን ጠረግሁ። "ከስፔክትረም አንጻር ሲታይ" አልኩ፣ "የፎቶን ፍሰቱ ከጥልቀቱ ጋር ያለው የተገላቢጦሽ ዝምድና ታሳቢ ሊደረግ ይገባል።"

አጨበጨቡልኝ! ከጎን ጠረጴዛ የነበሩ፣ ጉዳዩ የማይመለከታቸው ሰዎች ሳይቀሩ አጨበጨቡ።

"አሁን ገና ተናገርሽ!" አሉ አቶ ደስታ። "ስለዚህ ከአንድ በላይ ያስፈልጋል ማለት ነው።"

"አይ፣ እኔ እንኳ ያልኩት..."

"ተይዟል!" አሉ።

መጀመሪያ ዕድል የተሰጠው ለግርማ ዲኮር ነው። ግርማ በሕይወቱ ያየው ችግር ሁሉ በጨርቅና በመብራት ይሸፈናል። ቀለም የሚቀያይር፣ ከሙዚቃ ጋር የሚጨፍር ኤልኢዲ አመጣ። "ይኼ ሙሽራ ላይ ተሞክሮ የተመሰከረለት ነው" አለ።

"ግርምሽ፣ ዓሣ ግን ሙሽራ አይደለም" አልኩት በትሕትና።

"ዶክተርዬ፣ አንቺ ደግሞ ገና አላገባሽም፤ በምን ታውቂያለሽ?"

መብራቱ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ እየሆነ ከሬዲዮው ጋር ይዘላል። ቀዩ ሲበራ ውሃው ውጦት ገንዳው ይጨልማል፤ አረንጓዴው ሲበራ ዓሣዎቹ ባሉበት ይደርቃሉ። ምሳ ሊበሉ የገቡ አንድ አዛውንት መጋረጃው ሥር የሚጨፍረውን መብራት አይተው ኮፍያቸውን አወለቁና "እንኳን ደስ አላችሁ፤ ሙሽሮቹ የታሉ?" አሉ። ያ ፊቱን ያጠቆረው ዓሣ ከድንጋይ ሥር ገብቶ በዚያ ሳምንት አልወጣም።

ቀጥሎ ኦላና ተነሣ። "እናንተ ስለ ጥልቀት ምን ታውቃላችሁ?" አለ። "እኔ ሰው ጉድጓድ አውርጄ የማሠራ ሰው ነኝ። ጥልቀት ጉልበት ነው የሚፈልገው።" ከወርቅ ጉድጓዱ አፍ ላይ የሚሰቅለውን ፓውዛ አምጥቶ ገንዳው አናት ላይ አሰረው። ፓውዛው ሲበራ ብርሃኑ በውሃው ውስጥ አልፎ፣ መስታወቱን ጥሶ፣ ኩሽና ገባ። ወጥ ሠሪዋ ጫልቱ ማማሰያዋን ይዛ ወጣች።

"ጋሽ ባበክር፣ ወይ መነጽር ግዙልኝ ወይ ልሂድ። ዛሬ በርበሬ መስሎኝ ሻይ ቅጠል ጨምሬያለሁ።"

"ታችኛው ክፍል ግን ታየ" አለ ኦላና።

እውነት ነው፤ ታየ። ዓሣዎቹ ሁሉ ከድንጋዩ ሥር ተደራርበው አንዱ በሌላው ጭራ ዓይኑን ሲሸፍን ታየ።

ያን ዕለት ጋሽ ባበክር ወደ ስፌት ቤቱ መጥተው ከባዶው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ስለ ፖርት ሱዳን አንድ ቃል አላወሩም። አባቴ መርፌውን አቆመ።

"ባበክር፣ አሞሃል?"

"ሐዋ ደውላለች። ሐሙስ በመጀመሪያው ሚኒባስ ትገባለች።" ወደ ዓሣ ቤታቸው እያዩ "ወንበር ላይ እወጣለሁ፤ ሌላ ምን አደርጋለሁ። ቃል ነው" አሉ።

በዚያው ቀን አዲስ አበባ ያለች የአጎቴ ልጅ መጀመሪያ ያልኩትን መብራት ገዝታ በአውቶቡስ እንድትልክ ደወልኩ። ኮሚቴው ሰምቶ በአስቸኳይ ተሰበሰበ፤ ዓሣም በላ። "አንድ" የሚለውን ሐሳቤን ካመሰገኑ በኋላ በድምፅ ብልጫ ሦስት እንዲሆን ወሰኑ። ነጩ ቀለም ደግሞ "ተራ ነው" ተብሎ ተቀነሰ። ሰማያዊ ብቻ ሆነ።

ረቡዕ ሞከርነው። ውሃው አማረ፤ አልዋሽም፣ በጣም አማረ። ችግሩ ሰማያዊው ገንዳው ውስጥ ብቻ አልቀረም፤ አዳራሹ በሙሉ ሰማያዊ ሆነ። ዓሣ ጥብሱ የተደበደበ መሰለ። የሰው ከንፈር ጠቆረ፣ ጥርሱ አበራ። አንድ መንገደኛ በሩን ከፍቶ ተመጋቢዎቹን ተራ በተራ አያቸውና "አላህ ይርሐማቸው" ብሎ ቀስ አድርጎ ዘጋው። አባቴ እኔን አይቶ ደነገጠ፤ እጄን ይዞ "ቁርስ በልተሻል?" አለኝ።

"ነገ ምረቃ ነው፤ አሁን መለወጥ አይቻልም" አሉ አቶ ደስታ። "ንግግሬም ተዘጋጅቷል።"

ሐሙስ ደረሰ። ግርማ ዲኮር መጋረጃው ላይ ቀይ ሪባን አሰረ። ዓሣ ቤቱ ግጥም ብሎ ሞላ፤ ገሚሱ ባሕሩን ለማየት፣ ገሚሱ ጋሽ ባበክር ወንበር ላይ ሲወጡ ለማየት ነው የመጣው። እማማ ሐዋ ከሚኒባሱ በቀጥታ መጡ፤ ሻንጣቸውን እንኳ አላስቀመጡም። አማርኛን የተማሩት ከአፍ መፍቻቸው ከበርትኛ በኋላ ስለሆነ ሴቱንም ወንዱንም "አንተ" ይላሉ። እኔን አይተው "አንተ ዶክተር፣ ከሳህ!" አሉኝና ግንባሬን ሳሙኝ።

አቶ ደስታ ማይክ ያዙ። ስለ ውሃ ሀብት፣ ስለ ብርሃን ጥቅም፣ ስለ ኮሚቴው ያላሰለሰ ጥረት ተናገሩ። ስለ ዓሣ የተናገሩት ነገር አልነበረም። ሪባኑ ተቆረጠ። መጋረጃው ተገለጠ። ጋሽ ባበክር ማብሪያውን ተጫኑ።

መብራት ጠፋ።

የእኛ መብራት ብቻ አይደለም፤ የአሶሳ መብራት። ያን ያህል ትልቅ ግድብ የተሠራበት ክልል ነዋሪዎች ስለሆንን ማንም አልገረመውም። ሁሉም በአንድ ድምፅ "እ..." አለ።

"ጄኔሬተር አለ!" ብዬ ጮህኩ። "ሲሠራ እየሰማሁት ነው!"

"እሱ የማይኩ ነው" አሉ አቶ ደስታ በማይኩ።

"ለመብራቱ ይዙርልና!"

"መርሐ ግብሩ ላይ ገና የመዝጊያ ንግግር አለ" አሉ፣ ማይኩን በሁለት እጃቸው እያቀፉ።

ገንዳው እንደ ጥቁር ግድግዳ ቆሟል። አንድም ዓሣ አይታይም። እማማ ሐዋ ግራ ቀኝ አዩ።

"የታለ ባሕሩ?"

ጋሽ ባበክር ወንበር ሳቡ። ወጡበት። ሰው ሁሉ አንገቱን አሰገገ፤ ከውጭ ጄኔሬተሩ ይንጫጫል።

"እኔ ባበክር" አሉ፣ "ፖርት ሱዳን የሚባል..."

"ቆይ!" አለ አንድ ድምፅ ከላይ።

ዞር ስንል እማማ ሐዋ ዓሣዎቹን የምንመግብበት መሰላል ላይ ናቸው። መቼ እንደወጡ ያየ የለም። እጃቸውን እስከ ክንድ ውሃው ውስጥ ከተው አወጡና ጣታቸውን ላሱ። ፊታቸው ተጨማደደ። እንደገና ከተው፣ እንደገና ላሱ። ጋሽ ባበክር ወንበር ላይ፣ እማማ ሐዋ መሰላል ላይ፣ ከሕዝቡ ራስ በላይ ተፋጠጡ።

"ጨው ነው" አሉ እማማ ሐዋ።

"ጨው ነው አላልኩሽም?"

"ወላሂ፣ ጨው ነው! ምርር ያለ ጨው!" ክንዳቸውን ቁልቁል እያንጠባጠቡ ባላቸውን ከላይ እስከ ታች አዩዋቸው። "ያን ሁሉ ዘመን የምታወራው እውነት ነበር?"

"እውነት ነበር፣ ሐዋ።"

"ታዲያ ለምን እንደ ውሸታም ታወራለህ?"

ቤቱ ፈነዳ። ጋሽ ባበክር ከወንበሩ የወረዱት እየሳቁ ይሁን እያለቀሱ መለየት አልቻልኩም። ከዚያ ሕዝቡ ለመቅመስ ተሰለፈ። እኔ መሰላሉ ሥር ቆሜ "እባካችሁ እጅ በሳሙና አይታጠብም፣ ዓሣዎቹ ይሞታሉ፣ ማንኪያ ተጠቀሙ" እያልኩ ለመንኩ። አቶ ደስታ ቀመሱ፤ ምላሳቸውን እያጣጣሙ "በመርሕ ደረጃ ጨው ነው" አሉ።

መብራት የመጣው አብዛኛው ሰው ከወጣ በኋላ ነው። ሦስቱም ሰማያዊ በአንድ ጊዜ ቦግ ሲሉ እማማ ሐዋ ዓይናቸውን ሸፈኑ።

"ይህን ያደረገው ማነው? ባለቤቴን ሬሳ አስመሰለው እኮ! አንዱ አይበቃም?"

አፌን ከፈትኩ። አባቴ አየኝ። ዘጋሁት። ያን ዕለት ሁለቱ ወረዱ፤ ለቀረው ደግሞ የተቀነሰውን ነጭ መለስኩለት፤ ቀስ እያለ እንዲደምቅም አስተካከልኩት። በሦስተኛው ቀን ቢጫዎቹ ወጡ፣ ባለ መስመሮቹ ተከተሉ። ያ ፊቱን ያጠቆረው መጨረሻ ላይ ብቅ ብሎ መስታወቱ ጋ መጣና ተመጋቢዎቹን መመልከት ጀመረ፤ አንዱ ደንበኛ ወዲያው "ያኛውን ጥበሱልኝ" አለ። ኮሚቴውም ከሰፊ ጥናት በኋላ አንድ መጠነኛ መብራት ይበቃል የሚል ድምዳሜ ላይ መድረሱን አቶ ደስታ ገለጹ። አጨበጨብን፤ እኔም አጨበጨብኩ።

አሁን ፖርት ሱዳንን ለደንበኛ የሚተርኩት እማማ ሐዋ ናቸው። ከጋሽ ባበክር ትረካ ይረዝማል፤ ማዕበሉም ከፍ ብሏል። ጋሽ ባበክር ዓሣ እያገላበጡ "ኧረ ሐዋ፣ እንዲያስ አልነበረም" ቢሉ የሚሰማቸው የለም።

የቀረው ኮሚቴው ብቻ ነበር። መብራቱ ቢመረጥም ስሙን "የመብራት ክትትል ኮሚቴ" ብሎ በምሳ ሰዓት መሰብሰቡን ቀጠለ። እማማ ሐዋ አንድ ቀን መጥተው በትሕትና "የስብሰባውን መስተንግዶ ዛሬ እኔ አቀርባለሁ" አሉ። ትሪ ይዘው ተመለሱ። በትሪው ላይ ከገንዳው የተቀዳ፣ ጥርት ያለ ባሕር፣ ለእያንዳንዱ አባል አንድ አንድ ብርጭቆ ነበር።

ኮሚቴው ተልእኮውን በስኬት አጠናቆ ተበተነ። ግንቦት 21 ቀን ነበር፤ ምሳ ሳይበላ።